ዕረፍት የሚያስፈራው ሯጭ

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ ከጎንደር የተላኩ ናቸው። ጸሐፊዎቹ አንድ ሯጭ፣ አንዲት እናትና አንድ አሰልጣኝ ሲሆኑ እርስ በርስ የሚተዋወቁ አይመስለኝም፤ የጻፉት ግን ስለ አንድ ጉዳይ በመሆኑ ሦስቱንም አብሬ ለማስተናገድ ወስኛለሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ማንነትን የሚጠቁሙ ነገሮችንም አውጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የ23 ዓመት ወጣት ስሆን በ10,000 ሜትርና በጎዳና ላይ ሩጫ እወዳደራለሁ። የምኖረው አዘዞ ውስጥ ከሁለት የክለብ ጓደኞቼ ጋር ቤት ተከራይቼ ነው። አሰልጣኛችን በሳምንት 6 ቀን ያሠራናል፤ እሑድ ዕረፍት ነው። እኔ ግን እሑድን ካረፍኩ ሰኞ እግሬ የሚከብድ፣ ሰውነቴም የሚወፍር ስለሚመስለኝ፣ ጓደኞቼ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ወደ ጠዳ በሚወስደው መንገድ ብቻዬን እሮጣለሁ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከምንሠራው ቀላል ሩጫ ሌላ ማታ ማንም ሳያየኝ እወጣለሁ። በከተራ ዕለት ቤተሰቤ ከገጠር መጥቶ ታቦት ሊያጅብ ሲወጣ ‹አሰልጣኝ ጠርቶኛል› ብዬ ዋሽቼ ጎሃ ዳገት ላይ ልምምድ ስሠራ ዋልኩ። እናቴ እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

ከ2 ወር በፊት የግራ እግሬን ቅልጥም ያመኝ ጀመር። ወጌሻ ቢያሸኝም አልተሻለኝም። አሰልጣኜ 10 ቀን እንዳርፍ አዘዘኝ። በሦስተኛው ቀን እንቅልፍ አጣሁ፤ ከጓደኞቼ ጋር በሆነው ባልሆነው መጣላት ጀመርኩ፤ በአራተኛው ቀን ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ክኒን ውጬ ወጣሁ። አሁን በየቀኑ ከሩጫ በፊት እውጣለሁ። አንደኛው ጓደኛዬ ‹አንተ እኮ ሱሰኛ ሆነሃል፤ ጫት ከሚቅመው በምን ትሻላለህ?› አለኝ። በጣም ተናደድኩ። አልጠጣም፣ አላጨስም፣ አልቅምም፤ የምሮጠው ቤተሰቤን ለመለወጥ ነው። ጀግና አትሌት ሁሉ የሚሠራው እንዲህ አይደለም ወይ? ሩጫስ ሱስ ሊሆን ይችላል ወይስ ጓደኛዬ ስለሰነፈ ነው?»

ሯጩ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ ውድ ወንድሜ፣ ስለ ሱስ የጠየቅኸውን ከመመለሴ በፊት ስለ ቅልጥምህ መናገር አለብኝ፤ እሱ ቀጠሮ አይሰጥምና። በርጩማ ላይ ተቀመጥና የግራ እግርህን ዘርግተህ፣ ከጉልበትህ ዝቅ ብለህ ጀምረህ እስከ ቁርጭምጭሚትህ ድረስ አጥንቱን በአውራ ጣትህ ቀስ እያልክ ተጫነው። ሕመሙ አንድ ስንዝር ያህል ተዘርግቶ የሚሰማህ ከሆነ አጥንቱን የሸፈነው ስስ ሽፋንና ከእርሱ ጋር የተያያዘው ጡንቻ ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል። ጣትህ የአንድ ብር ሳንቲም በምታክል ቦታ ላይ ሲያርፍ ብቻ ከመቀመጫህ የሚያስነሣህ ከሆነ፣ ወይም ሌሊት ተኝተህ ሳለ የሚጠዘጥዝህ ከሆነ ግን፣ ሐኪሞች ስትረስ ፍራክቸር የሚሉት የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ይህ ፍተሻ ግን ለጥርጣሬ እንጂ ለማረጋገጫ አይበቃም፤ ውጤቱ ምንም ቢሆን ሩጫውን ዛሬውኑ አቁመህ የአጥንት ሐኪም ዘንድ መሄድ ይኖርብሃል።

አጥንት እንደ ድንጋይ ሕይወት የሌለው ነገር አይደለም። ስትሮጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ስንጥቆች ይፈጠሩበታል፤ ሰውነትህም የተጎዳውን ክፍል መጀመሪያ ቦርቡሮ ያወጣና ከዚያ በኋላ አዲስ አጥንት ይተካበታል። የፋሲል ግቢን ግንብ ሲያድሱ አይተህ ከሆነ ነገሩ እንደዚያ ነው፤ ግንበኛው የላላውን ድንጋይና ያረጀውን ኖራ አውጥቶ አዲሱን እስኪያስገባ ድረስ ግድግዳው በዚያ ቦታ ላይ ከወትሮው የሳሳ ይሆናል። አንተ ማታ ማታ ተደብቀህ የምትወጣው ግንበኛው አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን ገና ሳያስገባ ነው። ዲክሎፌናኩ ስንጥቁን አይደፍነውም፤ «ተው» የሚልህን ድምፅ ብቻ ዝም ያሰኝልሃል፤ በዚያ ላይ ጨጓራን ይጎዳል፣ ውሃ በጎደለው ሰውነት ላይ ሲወሰድ ደግሞ ለኩላሊትም አደገኛ ነው። ወጌሻውም ያን ቦታ ዳግመኛ እንዳያሸው። አንድ ነገር ልጨምርልህ፦ የዚህ ዓይነት ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ሳምንታት በራጅ ላይ ላይታይ ስለሚችል፣ «ራጁ ምንም የለውም» ቢሉህ እንኳ ሕመሙ ካልለቀቀህ እንደገና እንድትመረመር ወይም ኤምአርአይ የሚባለውን፣ ከራጅ የበለጠ አጥርቶ የሚያሳይ ምርመራ እንድትነሣ ጠይቅ።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። አዎ፣ ሩጫ ሱስ ሊሆን ይችላል። እርግጥ ከአልኮል ወይም ከዕፅ ሱስ ጋር አብሮ የተመዘገበ የሕመም ስም እስካሁን የለውም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ከዕፅና ከመጠጥ ውጭ ካሉ ልማዶች መካከል እንደ ሱስ ሕመም የተቀበለው ቁማርን ብቻ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በኋላ የኮምፒዩተር ጌምን ጨመረ እንጂ ስፖርትን አላካተተም። ይሁን እንጂ ነገሩ በተመራማሪዎች ዘንድ ከታወቀ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1970 ፍሬድሪክ ቤክላንድ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም፣ ስፖርት ማቆም በእንቅልፍ ላይ ምን እንደሚያስከትል ለማጥናት ፈልጎ በየቀኑ የሚሠሩ ሰዎችን «ለ1 ወር አቁሙልኝ፣ እከፍላችኋለሁ» ቢላቸው እሺ የሚለው አጣ። በመጨረሻ ያጠናው በሳምንት 3 ወይም 4 ቀን የሚሠሩትን ነው፤ እነርሱም ቢሆኑ በዚያ ወር እንቅልፋቸው ተረበሸ፣ ጭንቀታቸውም ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ ዊልያም ሞርጋን የተባለ ተመራማሪ፣ ሐኪም እየከለከላቸው፣ ሥራቸውና ትዳራቸው እየተጎዳ ከመሮጥ ስለማያቆሙ ሯጮች ጻፈ። አንተ በአራተኛው ቀን ክኒን ውጠህ የወጣህበትን ስሜት ብዙዎች ከአንተ በፊት ቀምሰውታል፤ ብቻህን አይደለህም።

እ.ኤ.አ. በ2004 የተዘጋጀና ዛሬም በሰፊው የሚሠራበት አንድ አጭር መጠይቅ አለ። ስድስት ዓረፍተ ነገሮችን የያዘ ሲሆን፣ ስፖርቱ በሕይወት ውስጥ ከሁሉ በላይ መሆኑን፣ ከቤተሰብ ጋር ማጋጨቱን፣ ስሜትን ለመለወጥ ማገልገሉን፣ መጠኑ እየጨመረ መሄዱን፣ ሲቀር የሚያስከትለውን መጥፎ ስሜትና ከቀነሱት በኋላ ተመልሶ ወደነበረበት መጠን መድረሱን ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጥና ከ30 ነጥብ 24 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው ለሱስ የተጋለጠ ተብሎ ይታሰባል። ይህን መጠይቅ ሞልተህ በራስህ ላይ እንድትፈርድ ግን አልፈልግም፤ መጠይቁ ለተወዳዳሪ ስፖርተኛ በደንብ አይሠራምና። «ስፖርት በሕይወቴ ውስጥ ዋነኛው ነገር ነው» ለሚለው፣ በሩጫ ደመወዝ የሚተዳደር ሰው «አዎ» ባይል ነው የሚያስገርመው። የልምምዱን መጠን የሚጨምረውም ብዙውን ጊዜ አሰልጣኙ ነው። በዚህ የተነሣ በተወዳዳሪዎች ላይ የተሠሩ አንዳንድ ጥናቶች ትጋትን ከሱስ ጋር አደባልቀው ይቆጥራሉ የሚል ትችት ከሙያው ሰዎች ራሳቸው ይሰነዘራል፤ እኔም በዚህ ትችት እስማማለሁ።

በፊዚዮቴራፒ ሙያ ከሯጮች ጋር በሠራሁባቸው ዓመታት የኪሎ ሜትሩ ብዛት ብቻውን ምንም እንደማይነግረኝ ተምሬአለሁ። በሳምንት 200 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ማራቶኒስት ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ በሳምንት 60 የሚሮጠው ደግሞ ታማሚ። ስለዚህ ለተወዳዳሪ ሁልጊዜ የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ ልምምዱ ውድድሩን ያገለግላል ወይስ ውድድሩ ለልምምዱ ሰበብ ሆኗል? ለማሸነፍ የሚሮጥ ሰው ዕረፍት ለማሸነፍ እንደሚያስፈልገው ሲነገረው፣ ባይወደውም ያርፋል። ሱስ የያዘው ሰው ግን ሩጫው ውድድሩን ራሱን እያበላሸበት መሆኑን እያወቀ ይሮጣል። አንተ በአራተኛው ቀን ስትወጣ ወደ ውድድሩ እየቀረብህ ነበር ወይስ እየራቅህ? ይህን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ።

ከደብዳቤህ ያሳሰበኝ የሠራኸው ብዛት ሳይሆን መደበቅህ ነው። የማታውን ሩጫ ለአሰልጣኝህ አልነገርኸውም፤ በከተራ ዕለት ለእናትህ ዋሸህ። በትጋት የሚሠራ ሰው ትጋቱን የሚደብቅበት ምክንያት የለውም። ጎንደር ውስጥ ተወልዶ ያደገ ሰው በከተራ ከቤተሰቡ ተለይቶ ዳገት ላይ ብቻውን ሲውል ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ፤ ያን ቀን ደስ ብሎህ የሮጥህ አይመስለኝም። ሱስ የምንለው ነገር አንዱ ጠባይ ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ደስታ ለማግኘት ይሠራ የነበረው ነገር በኋላ ጭንቀትን ለማባረር ብቻ መሠራት ይጀምራል።

ጓደኛህ የጫትን ነገር ያነሣው ሊያዋርድህ አይመስለኝም። ሩጫ ጫት አይደለም፤ ሩጫ ሥራህም ጤናህም ነው። ግን ሀራራው ይመሳሰላል። ቡና የለመደ ሰው ቡናው ሲቀርበት ራሱን እንደሚያመውና እንደሚነጫነጭ ሁሉ፣ አንተም በሦስተኛው ቀን እንቅልፍ ያጣኸውና ከጓደኞችህ የተጣላኸው ሰውነትህና አእምሮህ የለመዱት ነገር ስለቀረባቸው ነው። ስንሮጥ አእምሮ ውስጥ ስሜትን የሚያነቃቁና ሕመምን የሚያስታግሱ ንጥረ ነገሮች ይመነጫሉ፤ ብዙ ጊዜ ኢንዶርፊን ብቻ ይጠቀሳል እንጂ ሰውነት ራሱ የሚያመርታቸው ኢንዶካናቢኖይድ የሚባሉት የበለጠ ድርሻ እንዳላቸው የሚያመለክቱ ማስረጃዎች በቅርብ ዓመታት ወጥተዋል። ነገር ግን የአንተን ሀራራ የሚያባብሰው ኬሚካል ብቻ አይደለም፤ ፍርሃትም አለበት። የቤተሰቡን ኑሮ በሁለት እግሩ የተሸከመ የ23 ዓመት ልጅ አንድ ቀን ቢያርፍ ሁሉም ነገር የሚያመልጠው ቢመስለው አልፈርድበትም።

ለዚህ ፍርሃት የሚሆን ማስረጃ ግን አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1984 በታተመ ጥናት ለዓመታት የሠለጠኑ ስፖርተኞች ልምምዳቸውን ጨርሰው ሲያቆሙ፣ ኦክስጅን የመጠቀም ከፍተኛ አቅማቸው በመጀመሪያዎቹ 21 ቀናት ውስጥ የቀነሰው በ7 በመቶ ብቻ ነበር። ይህ እንግዲህ ሙሉ በሙሉ ለቆመ ሰው ነው። በአንድ እሑድ የሚጠፋ ብቃት የለም፤ በአንድ እሑድ የሚከማች ስብም የለም። ሰኞ እግርህ የሚከብድህ እሑድን ስላረፍክ ሳይሆን ሳምንቱን ሙሉ ስላላረፍክ ይመስለኛል።

ስለ ጀግኖች አትሌቶች ጠይቀሃል። ሁላችንም አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ከተደረገለት 6 ሳምንት ሳይሞላው ቶኪዮ ላይ ማሸነፉን እየሰማን አድገናል፤ «ሕመም አያቆመውም» የሚለው ወኔያችን ከዚህ ታሪክ ብዙ ጠጥቷል። ያው አበበ እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ላይ በግራ እግሩ አጥንት ላይ በነበረበት ጉዳት ምክንያት ግማሽ መንገድ እንኳ ሳይሮጥ ማቋረጡን ግን እምብዛም አናነሣም። ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው። አበበ በማቋረጡ ከጀግንነቱ የቀነሰበት ሰው አላውቅም። ደራርቱ ቱሉም ወልዳ፣ ከውድድር ርቃ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ አጥልቃለች፤ ጥሩነሽ ዲባባ እ.ኤ.አ. በ2015 ወልዳ በዓመቱ በሪዮ ኦሊምፒክ የነሐስ ሜዳሊያ ወስዳለች። እነዚህ ሴቶች ከሩጫ የራቁት ለአንድ እሑድ አልነበረም።

እንግዲህ ምን ታደርጋለህ? መጀመሪያ አሰልጣኝህን ለብቻው አግኝተህ ስለ ማታው ሩጫ፣ ስለ እሑዱና ስለ ክኒኑ ንገረው። ይህ ከባዱ ክፍል ነው፤ እርሱ የሚያወጣልህ ፕሮግራም የምትሠራውን ሁሉ ካላወቀ ለአንተ ሳይሆን ለሌላ ሰው የወጣ ፕሮግራም ነው። ቀጥሎ ሐኪሙ የሚወስንልህን የዕረፍት ጊዜ በጽሑፍ ተቀበል፤ ስንጥቅ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል፤ በአጥንቱ የፊት ገጽ ላይ ከሆነ ደግሞ ከዚያ ሊረዝም ይችላል።

እዚህ ላይ የራሴን ስህተት ልንገርህ። ሥራ በጀመርኩበት ጊዜ እንደ አንተ ያለ አንድ ሯጭ መጥቶ «ዕረፍ» ብዬ ሰደድኩት፤ ሥራዬን የጨረስኩ መስሎኝ ነበር። ከ3 ሳምንት በኋላ በጓደኞቹ ትከሻ ተደግፎ መጣ፤ ለካ በየሌሊቱ ይሮጥ ኖሯል። «ዕረፍ» ማለት ለእርሱ «ባዶ ቤት ውስጥ ከሀራራህ ጋር ተቀመጥ» ማለት እንደነበር ያኔ አልገባኝም። ስለዚህ ለአንተ እንዲህ እልሃለሁ፦ በጣም የሚከብዱህ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ናቸው፤ ከዚያ በኋላ እየቀለለ ይሄዳል። የለመድክበት ሰዓት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከሆነ በዚያ ሰዓት መንቃትህ አይቀርም፤ ለዚያ ሰዓት ከወዲሁ ሥራ አዘጋጅለት። ቱታና ጫማህን ለጓደኛህ በአደራ ስጥ። እሑድ ከጓደኞችህ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሂድ፤ ገጠር ወርደህ እናትህን ጠይቅና ስለ ከተራው እውነቱን ንገራት። ሐኪሙ ከፈቀደልህ የማይንቀሳቀስ ብስክሌት መሥራት ትችላለህ፤ ግን ለስንት ደቂቃ እንደምትሠራ አሰልጣኝህ ይወስን፤ አለዚያ ሱሱ ከእግርህ ወርዶ ብስክሌቱ ላይ ይወጣል።

ይህን ሁሉ ሞክረህ ካልቻልክ፣ ወይም ሩጫ ስታቆም ተስፋ የመቁረጥ ስሜት ከተጫነህ፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። እዚያ መሄድ ማበድ አይደለም። ለዚህ ችግር ተብሎ የተሠራ መድኃኒት ባይኖርም፣ «ካላረፍኩ አሸንፋለሁ፣ ካረፍኩ እጠፋለሁ» የሚሉትን ሐሳቦች ከባለሙያ ጋር አንድ በአንድ እየመረመሩ የሚለውጡበት የንግግር ሕክምና ይረዳል።

ጥያቄ፦ «የ18 ዓመት ልጄ መሰናክል ትሮጣለች። ከልምምድ ስትመለስ የበላችውን ትቆጥራለች፤ ከቀረበላት እንጀራ ግማሹን አትነካም። በዐቢይ ጾም ‹ጿሚ ነኝ› ትላለች፤ ጾሙ ሲፈታም አትበላም። ብትታመምም፣ ዝናብ ቢዘንብም ከመሮጥ አትቀርም፤ አንድ ቀን በር ብቆልፍባት ጓዳ ውስጥ ስትዘል አመሸች። የወር አበባዋ ከቀረ 7 ወር ሆነው። ‹ልፋት ሲበዛ ይቀራል፤ የጥንካሬ ምልክት ነው› ብለው ነግረዋታል። እውነት ነው?»

እናት፣ ከማራኪ

መልስ፦ እናቴ፣ እውነት አይደለም፤ ይህን አነጋገር ከብዙ ሴት ልጆች አፍ ሰምቼዋለሁና በሰማሁት ቁጥር ያመኛል። የወር አበባ ከ3 ወር በላይ ሲቀር ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ 7 ወር ደግሞ ረጅም ጊዜ ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ እርግዝናንና ሌሎች ምክንያቶችን ያጣራል፤ እርስዎ የገለጹት ሁኔታ ግን የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ስም አውጥተው የገለጹትንና በ2023 እንደገና ያብራሩትን የስፖርተኞች የጉልበት እጥረት በጣም ይመስላል። ልጅዎ የምትበላው ለሩጫው እንኳ አልበቃም፤ ስለዚህ ሰውነቷ የሚተርፈውን ለመቆጠብ አንዳንድ ሥራዎችን ያቆማል፤ ከእነዚህ አንዱ የወር አበባ ነው። አብሮት የሚቀንሰው ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን አጥንትን የሚያጠነክር ስለሆነ፣ ሰው የዕድሜ ልኩን አጥንት በሚያከማችበት በዚህ ዕድሜ ላይ ልጅዎ ከማጠራቀም ይልቅ እያወጣች ነው ማለት ነው። ይህ እጥረት በወንዶችም ላይ ይደርሳል፤ በእነርሱ ላይ ግን እንዲህ በግልጽ የሚያስታውቅ ምልክት ስለሌለ ዘግይቶ ይታወቃል።

ከላይ ለጻፈልኝ ወጣት የሰጠሁት ምክር ለልጅዎ ብቻውን አይበቃም። የእርሱ ሱስ ከሩጫው ጋር ነው፤ የእርሷ ሩጫ ግን ከምግብና ከሰውነት መጠን ጋር የተያያዘ ሌላ ሕመም መሣሪያ ሆኖ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ሩጫውን ብቻ ቢከለክሏት በሌላ በር ይገባል፤ ጓዳ ውስጥ ስትዘል ያመሸችውም ለዚህ ነው። በሩን አይቆልፉባት። «ከስተሻል»፣ «አጥንትሽ ወጥቷል» የሚሉ ቃላትንም፣ በፍቅር የሚነገሩ ቢሆንም፣ ለጊዜው ይተዉአቸው፤ መክሳቷ ለእርሷ እንደ ምስጋና ሊሰማት ይችላልና። ይልቁንስ ያዩትን ይንገሯት፦ «የወር አበባሽ ከቀረ ሰባት ወር ሆነ፤ እኔ ፈርቻለሁ፤ አብረን ሐኪም ዘንድ እንሂድ።» በአንድ መሶብ ቀርበው ሲበሉ እርስዎም አብረው ይብሉ፤ ስለ ምግቡ ሳይሆን ስለ ቀኑ ውሎ ያውጉ።

ስለ ጾሙ በጥንቃቄ መናገር እወዳለሁ። ጾም ለእርሷ እምነት ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ። ነገር ግን ጾሙ ካለፈ በኋላም የማትበላ ከሆነ ጾሙ ሽፋን ሆኗል ማለት ነው። የንስሐ አባቷ ሁኔታዋን በግልጽ ቢያውቁ፣ ለታመመ ሰው የሚሰጠውን ምክር ይሰጧታል ብዬ አምናለሁ፤ ከእርስዎ አንደበት ይልቅ የእርሳቸው ቃል ሊሰማ ይችላል።

ራሷን ስታ ከወደቀች፣ ልቧ ያለ ልክ ቀስ ብሎ ወይም እየተዛባ የሚመታ ከሆነ፣ የበላችውን በድብቅ እንደምታስመልስ ካወቁ፣ ወይም መኖር እንዳስጠላት ከተናገረች ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ዕለት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት።

ጥያቄ፦ «ወጣቶችን የማሠለጥን ሰው ነኝ። ቅልጥሙን ሐኪም ያሳረፈው አንድ ጥሩ አትሌት አለኝ። ከሜዳ ባርቀው ብቻውን ሄዶ ይሮጣል፤ ብተወው ይሰበራል። የፊታችን ወር ውድድር አለን፤ እርሱም ‹አስገባኝ› እያለ ይለምነኛል። ላስወጣው ወይስ ላስገባው?»

አሰልጣኝ፣ ከጎንደር

መልስ፦ ከውድድሩ ያስወጡት፤ ከቡድኑ ግን አያስወጡት። ብቻውን እንዲሮጥ የሚያደርገው አንዱ ነገር ከሜዳ መራቁ ነው። ዕረፍቱን በልምምድ ደብተሩ ላይ እንደማንኛውም ልምምድ በእጅዎ ይጻፉለት፤ «ማክሰኞ፦ 12 ጊዜ 400 ሜትር» ብለው እንደሚጽፉ ሁሉ «ማክሰኞ፦ ሙሉ ዕረፍት» ብለው ይጻፉና ሲፈጽመው ይፈርሙበት። እሑድ ሳያርፍ የመጣውን ልጅ በሌሎቹ ፊት «ጎበዝ» ብለው የሚያወድሱ ከሆነም ይተዉት፤ አንድ ቀን የሰሙት ያ ቃል ለዓመታት ሲያስሮጣቸው አይቻለሁ።

ወደ ሩጫ የሚመልሱት ሐኪሙ ሲፈቅድ ነው፤ ያኔም መጀመሪያ 30 ደቂቃ ያለ ሕመም መራመድ መቻሉን ያረጋግጡ፤ ከዚያ አንድ ደቂቃ ሩጫ፣ አንድ ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቀ በሳር ላይ፣ አንድ ቀን እየዘለለ ይጀምር። ሕመሙ በዚያው ቦታ ከተመለሰ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመልሱት። እስከዚያው ድረስ ጓደኞቹ ስታዲየም ውስጥ ሲሠሩ የሰዓት መያዣውን ለእርሱ ይስጡት፤ ከመሙ ዳር ተቀምጦ የእያንዳንዱን ዙር ሰዓት ይመዝግብና ልምምዱ ሲያልቅ ለቡድኑ ያንብብላቸው።